ሰማያዊ ጡብ ፍለጋ

ኤቢሴ ጉታ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ኮልፌ ገበያ የምትወርደው ሰማያዊ ጡብ ፍለጋ ነበር። የቤት መሥሪያው ጡብ አይደለም፤ ልጆች እያጋጠሙ የሚጫወቱበት፣ ሌጎ የሚሉት ትንሹ የፕላስቲክ ጡብ ነው። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ዓለም ባንክ አካባቢ ባለ የግል መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ማታ ስትገባ ደግሞ የታመሙ አባቷን ታስታምማለች።

ነገሩ የጀመረው በአባቷ ነው። አቶ ጉታን ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው ሲሰንፍ፣ ሐኪሙ ጣቶቻቸውን እንዲያሠሩ መከራቸው። ታላቅ ወንድሟ ሁንዴ አንድ ፌስታል ሌጎ ገዝቶ አመጣ። አቶ ጉታ ጥቂት ታገሉና ፌስታሉን ከነዕቃው ግድግዳው ላይ ወረወሩት።

«ከዚህ ቀጥሎ ጡጦ አምጡልኝ!» አሉ፣ በተሳሰረ አንደበታቸው።

ኤቢሴ የተበተነውን ስትለቅም ሁለቱን አጋጠመች። ቀጭ አሉ። ሌላ ጨመረች። ቀኑን ሙሉ በሕፃናት ጩኸት የደነዘዘው ጭንቅላቷ ጸጥ አለላት። ከዚያ ወዲህ አልተወችውም። መጀመሪያ ቤት ሠራች፤ ቀጥሎ የውሃ ታንከር። አሁን ደግሞ ከቁምሳጥኑ አናት ላይ ግማሹ ያለቀ ሚኒባስ ታክሲ ቆሟል። ጣሪያው ነጭ ነው፤ ወገቡ ሰማያዊ መሆን አለበት፤ ሰማያዊው ግን አለቀባት።

የገበያው ነጋዴ አብደላ ከቦንዳ የወጡ አሮጌ መጫወቻዎችን ሸራ ላይ ዘርግቶ ይሸጣል። የዚያን ቅዳሜ ከክምሩ ፊት ተንበርክካ ስትፈልግ፣ ከማዶ አንድ ድምፅ ሰማች።

«ሰማያዊውን ነው የምትፈልጊው?»

ቀና አለች። አንድ ወጣት ቁጢጥ ብሏል። የዓይኖቹ ሥር ጠቁሯል፤ ሳምንት ሙሉ ያልተኛ ይመስላል። ጣቶቹ ግን ፈጣን ናቸው።

«በምን አወቅህ?»

«ቀዩን ሁሉ ወደ እኔ እየገፋሽው ነው እኮ።»

ሳቀች።

«ለልጅሽ ነው?»

«ለራሴ ነው» አለች። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። እንዲስቅባት ጠበቀች።

አልሳቀም። «እኔም ለራሴ ነው። መርከብ እየሠራሁ ነው። የመርከብ ሆድ ግን ጎበጥ ያለ ጡብ ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ እንደ ወርቅ ነው የጠፋው።»

«መርከብ አይተህ ታውቃለህ?»

«የት አባቴ አይቼ! በስልክ ነው።»

አብደላ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ጣልቃ ገባ። «እናንተ ሰዎች፣ ዕቃውን እናንተ ከጨረሳችሁት ልጆቹ በምን ይጫወቱ?»

ወጣቱ ማኑሄ ይባላል። ሥራው ሾፌርነት ነው፤ ከባድ መኪና። «ምን ትጭናለህ?» ስትለው «የተገኘውን» አለና ፊቱን ወደ ክምሩ መለሰ። እሷም አልደገመችም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የሁለቱ ሆነ። እሱ ሰማያዊ ይዞላት ይመጣል፤ እሷ ጎባጣውን። ከገበያው ጀርባ ባለች ጁስ ቤት ተቀምጠው ይለዋወጣሉ። የእሱ ጡቦች ሁልጊዜ በረኪና በረኪና ይሸታሉ። እጆቹም ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቀዋል። ንጹሕ ሰው ነው አለች በልቧ።

የሚከራከሩት በአንድ ነገር ነው። እሷ ጡቦቿን በቀለም ትለያቸዋለች፤ እሱ በቅርጽ።

«ቀይ መሐል ቀይ ጠፍቶብሽ አያውቅም?» ይላታል። «በቅርጽ ከሆነ ግን ዓይንሽን ጨፍነሽ በጣትሽ ታገኚዋለሽ።»

«የእኔ ዓይን ቀኑን ሙሉ የሚያየው የተዝረከረከ ነገር ነው። ማታ አንድ ቀለም ብቻ ማየት ያሳርፈኛል።»

ይህን ስትል ትኩር ብሎ አያት። ቀና ለማለት ፈራች፤ እሱ ዓይኑን ሲነቅልባትም ቅር አላት።

አንድ እሁድ ከሰዓት ቤቷ መጣ። አቶ ጉታን ጉልበታቸውን ስሞ ተቀመጠ። ኤቢሴ አንድ ሣህን ሙሉ የተደባለቀ ጡብ መሐላቸው አስቀመጠችና መለየት ጀመሩ። ቤቱ ሞቅ ብሏል፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ይንቋቋል። ማኑሄ መጀመሪያ ቃላቱ አጠሩ፤ ቀጥሎ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ። ኤቢሴ ልትቀሰቅሰው አሰበች። እያሰበች እሷም ሶፋው ላይ ዘንበል አለች።

የነቁት በአቶ ጉታ ሳቅ ነው። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ስቀው አያውቁም።

«እንግዳ መጣ ብዬ ጨዋታ ስጠብቅ፣ ሁለታችሁም ጥላችሁኝ ሄዳችሁ!»

«ይቅርታ አባባ» አለ ማኑሄ፤ በእጁ መዳፍ ላይ አንድ ቢጫ ጡብ ቅርጹን አትሞበታል። «እንዲህ ያደረገኝ ቤታችሁ ነው።»

ኤቢሴ ያን ቀን እንደምትወደው አወቀች። ፊቷን ታጥባ ስትመለስ እሱም ማወቁን ከዓይኑ አየች።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ማኑሄ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጡብ አመጣላት። «ለተማሪዎችሽ» አላት። የክፍሏ ልጆች የሚጫወቱበት የረባ ነገር አልነበራቸውም። ያን ሳምንት ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዳንዱ ጡብ ላይ የጥርስ ምልክት ነበረበት፤ ከነሱ በፊት የሌላ ልጅ አፍ ውስጥ ገብቶ ያውቃል። ከየት እንደመጣ ግን አልጠየቀችም።

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከዲሬክተሯ ከወይዘሮ ሰርኬና ከወላጆች ጋር ቆማ ልጆች ትቀበላለች። አንድ የቆሻሻ መኪና እያጓራ መጥቶ ከበሩ ፊት ቆመ። እናቶቹ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ያዙ። ጫኞቹ ወርደው ማዳበሪያዎቹን ወደ ላይ መወርወር ጀመሩ። ከሾፌሩ መስኮት፣ ብርቱካንማ ቱታ የለበሰ ሰው አንገቱን አወጣ። ማኑሄ ነበር። እጁን አነሳ።

«ኤቢሴ!»

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ታውቂዋለሽ እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ሰርኬ።

«አይ፣ አላውቀውም» አለች። «ከሌላ ሰው ጋር ተመሳስዬበት ይሆናል።»

ሞተሩ ቢያጓራም ሰምቷታል። እጁ አየር ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ መሪው ላይ ወረደ። መኪናው ሄደ።

ክፍሏ ገብታ ጡቦቹን አየቻቸው። በረኪናው ገባት። እነዚህን ሁሉ የለቀመው ከከተማው ቆሻሻ መድፊያ ከቆሼ፣ ከሚያራግፈው ቆሻሻ መሐል ነው። ለምን አልነገረኝም ብላ ተናደደች፤ ንዴቷ ግን ቀኑን እንኳ አልዘለቀም። ደጋግሞ የሚመጣባት ያ የወረደ እጅ ነው።

ቅዳሜ አልመጣም። ስልኩን አያነሳም። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። አብደላ «ጓደኛሽ የት ጠፋ?» ሲላት ሰማያዊ ጡብ ሳትፈልግ ተመለሰች።

ሁንዴ በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያን የሚያውቀውን አንድ ዕቃ አስመጪ ለትዳር ሊያስተዋውቃት ተነሳ። «ጥሩ ሰው ነው፤ አንቺም ታርፊያለሽ» አላት። እምቢም እሺም አላለችም። ለእምቢታም ጉልበት ያስፈልጋል።

«ያ የሚያንቀላፋው ልጅ የት ሄደ?» አሉ አቶ ጉታ አንድ ምሽት፣ ሾርባ ስታበላቸው።

ነገረቻቸው። ምንም አላስቀረችም።

አባቷ የአፋቸውን ዳር እስክትጠርግላቸው ጠበቁ። «ሰው ሊያታልል ሲመጣ አይተኛም» አሉ ቀስ ብለው። «ነቅቶ ነው የሚጠብቅ። ሂጂ ፈልጊው።»

በማግስቱ ከሥራ ወጥታ ሚኒባስ ያዘች። የቆሻሻ መኪኖቹ ከሚቆሙበት ግቢ በር ላይ ጠየቀች፤ ጫኞቹ ቤቱን አሳዩዋት። ማኑሄ ከአንድ ክፍል ኪራይ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በሳፋ ጡብ ያጥባል። ሲያያት አልተነሳም።

«ሽታው አልከበደሽም?» አላት።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ከሳፋው ጠርዝ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አንስታ አንድ ጡብ መፈተግ ጀመረች።

«በረኪናው እጅሽን ይበላዋል።»

«ይብላው።»

ጎን ለጎን ሆነው ብዙ ጡብ አጠቡ።

«ሥራዬን ስላልነገርኩሽ አጥፍቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን ያን ቀን የጠራሁሽ ሳላስበው አይደለም። አውቄ ነው። በቃ ዛሬ ይለይለት ብዬ። መደበቅ ራሱ ሥራ ነው ኤቢሴ፤ ከመንዳቱ በላይ አደከመኝ።»

ብሩሹ እጇ ላይ ቆመ። «አውቀህ ነው?»

«አውቄ ነው። ለይቶልኛልም።»

«አልለየም» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ንቄህ አይደለም ማኑሄ። ማስረዳት ደከመኝ። ማነው፣ የት አገኘሽው፣ እንዴት… ያን ሁሉ ከመመለስ "አላውቀውም" ማለት አጭር ነው። ለዚያች ለማጠሯ ብዬ ካድኩህ።»

ማኑሄ ሳፋው ውስጥ ያለውን እጁን አየ። ከዚያ ውሃው ውስጥ እጇን ያዘ። የሁለቱም እጅ ሻካራና ቀዝቃዛ ነበር።

«ደክሞኛል» አላት።

«እኔም።»

«እንግዲያው አትሂጂ። ትንሽ ቁጭ በይ።»

ሰኞ ጠዋት ኤቢሴ ወይዘሮ ሰርኬ ቢሮ ገብታ እውነቱን ተናገረች፤ ሰውዬውን እንደምታውቀውም፣ ጡቦቹ ከየት እንደመጡም። ወይዘሮ ሰርኬ ደነገጡ፤ ጡቦቹ የቱንም ያህል ቢታጠቡ በዚያው ቀን ከክፍል እንዲወጡ አዘዙ። ኤቢሴ አልተከራከረችም። ማዳበሪያውን ተሸክማ በሚኒባስ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ልጆቹ «መቼ ትመልሺዋለሽ?» ያሏት ጆሮዋ ላይ ነበር። ወይዘሮ ሰርኬ ግን ከሥራ አላባረሯትም።

ከፋሲካ በኋላ ማኑሄ ሽማግሌ ላከ። የመጡት አጎቱ አቶ ወልደሰንበትና ሁለት የሰፈር አባወራዎች ናቸው። በወጉ መሠረት፣ የእሺታ ምልክት የሆነውን «ተቀመጡ» እስኪባሉ ሳሎኑ መሐል ቆመው ተናገሩ። ኤቢሴ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ትሰማለች።

«ልጁ ምን ይሠራል?» አለ ሁንዴ፤ እያወቀ ነው የሚጠይቀው።

«የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሾፌር» አሉ አቶ ወልደሰንበት።

«የምን መኪና ሾፌር?»

አቶ ወልደሰንበት ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። እኚህ ትልቅ ሰው በእሷ ቤት በእህታቸው ልጅ እንጀራ ሲያፍሩ መስማት አልቻለችም። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«የቆሻሻ መኪና ነው የሚነዳው ሁንዴ። ቆሼ ነው የሚያራግፈው። አውቀዋለሁ፤ የምፈልገውም እሱን ነው።»

«ግቢ ወደ ውስጥ! ልጅት በሽማግሌ ፊት ትወጣለች እንዴ?»

ገባች። አልጋው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ከሳሎኑ የአባቷ ድምፅ መጣ፤ ቃሉ ከጉሮሯቸው አልወጣ ብሎ እየታገለ።

«ጋሼ ወልደሰንበት… ተቀመጡ። ሁላችሁም… ተቀመጡ።»

ወንበሮች ሲንቋቁ ሰማች። ስልኳን አንስታ ደወለች። ማኑሄ ወዲያው አነሳው።

«ተቀመጡ» አለችው በሹክሹክታ።

«እነማን?»

«ሽማግሌዎቹ። አባዬ ተቀመጡ አላቸው።»

ከወዲያ በኩል ታክሲ ሲያልፍ፣ ረዳት ሲጣራ ሰማች፤ መንገድ ላይ ነው።

«በይ እንግዲህ» አለ ማኑሄ፣ ድምፁ እየሰለለ፣ «እኔም ልቀመጥ። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ።»