ከኋላ በመርፌ ቁልፍ

እስቲ ቀና ብላችሁ የሳሎናችሁን ግድግዳ ተመልከቱ። ጥቁር ጋውን ለብሶ፣ ቆብ ደፍቶ፣ የተጠቀለለ ወረቀት እንደ አራስ ልጅ የታቀፈ ሰው ፎቶ አይጠፋም። እንግዳ ሲመጣ ፊቱን ወደዚያ አድርጎ እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ ሻይ እስኪቀርብ ድረስም ሳይወድ በግዱ ያየዋል። ይህ ታሪክ የተነሳው እንዲህ ካለው ፎቶ ነው።

የፎቶው ባለቤት ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ «ብርዱ» ይለዋል፤ እውነተኛ ስሙን የሚያስታውሱት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሱቁ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው። በሩ ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ፍሪጆች ተራ እንደሚጠብቁ ሕመምተኞች ተደርድረዋል። ብርዱ አንዱን ሲመረምር መፍቻ አያነሳም፤ መጀመሪያ ጆሮውን ጎኑ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «ይሄ ጉንፋን ነው፣ ይድናል» ይላል፤ ወይም «ይሄስ ኑዛዜውን ይናገር» ይላል። ደንበኛው ይስቃል። ብርዱ አይስቅም፤ አይሳሳትምም።

አንዲት ልጅ አለችው። በእግሯ ሳትቆም በፊት በፍሪጅ መደርደሪያ ተንጠልጥላ ያደገች፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ መዳብ መበየድ የቻለች ልጅ ናት። በዚያ ሳምንት የፈተና ውጤት መጣ፤ ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ተመደበች፤ ያውም ምህንድስና። ቤቱ እንደ ንብ ቀፎ ሆነ። ጎረቤት ይገባል፣ ጎረቤት ይወጣል። ዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤት እጇ ላይ ያለውን ዱቄት ሳታራግፍ መጥታ አቅፋት፣ ልጅቷ ግማሽ ጎኗ ነጭ ሆኖ ዋለ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ምደባውን ተቀብያለሁ» የሚለው ቅጽ ተፈርሞ በማግስቱ እስከ ስድስት ሰዓት ትምህርት ቤቷ መግባት አለበት፤ ካልገባ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

በዋዜማው ጠዋት ልጅቷ የአባቷን ትርፍ ቱታ ለብሳ፣ እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጥፋ ሱቅ ገባች። ፊቷ ያበራል።

«አባዬ፣ ወሰንኩ። አልሄድም።»

«የት ነው የማትሄጂው?»

«ዩኒቨርሲቲ ነዋ። ካንተ ጋር ነው የምሠራው። ሁለተኛ ሱቅ እንከፍታለን፤ ቦታውንም አይቻለሁ፣ ከመጋዘኑ ማዶ። አንተ ታዳምጣለህ፣ እኔ እበይዳለሁ።»

የብርዱ ልብ እንደ ጥጃ ዘለለች። ልጅቷ ስምንት ዓመት ከሞላት ጀምሮ «ብርዱና ልጁ» የሚል የሱቅ ሰሌዳ በሕልሙም በውኑም ሲስል ኖሯል። ፊደሎቹ ሰማያዊ ናቸው። ጠርዙ ላይ በረዶ አለ። ደስታው አፉን አላስዘጋ አለውና «ምን አሳሰበሽ?» ብሎ ጠየቀ። ባይጠይቅ ኖሮ ታሪካችን እዚህ ያልቅ ነበር።

«አንተን አይቼ ነው» አለች። «አራት ዓመት ሙሉ ተማርክ። ከዚያስ? ተመልሰህ መጥተህ መዳብ ትበይዳለህ። የተማርክበትን ወረቀት አንድ ቀን እንኳ ስታወጣው አላየሁም። አንተ ሄደህ አይተህ ካልጠቀመህ፣ እኔ አራቱን ዓመት ልዝለለውና በቀጥታ ልግባ። ያንተ ፎቶ ለሁለታችን ይበቃል።»

እዚህ ላይ ነው ብርዱ በስሙ የቀዘቀዘው። ምክንያቱም ብርዱ ዩኒቨርሲቲ አልገባም።

ተመድቦ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። የዛሬ ሃያ አራት ዓመት፣ እናቱ መርቀው አውቶቡስ ላይ አሳፍረውታል። ዩኒቨርሲቲው ካለበት ከተማ ወርዶ ሻንጣውን አንግቦ ወደ ምዝገባው ሲሄድ፣ መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ ሱቃቸው ደጅ ላይ የሞተ ፍሪጅ ሲያስነሱ አየ። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ አስፋልቱ ይፋጃል። ሽማግሌው ጋዙን ሞልተው ሲያበቁ፣ እርቃኑን በወጣው የመዳብ ቱቦ ላይ ነጭ ውርጭ እየዳኸ ወጣ። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ፀሐይ፣ በረዶ። ልጁ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሻንጣው አራት ዓመት ከዚያ ሱቅ አልተነሳም።

ሙያውን ወዶ መያዙ ነውር አልነበረም። ነውሩ ለእናቱ አለመናገሩ ነው። በየደብዳቤው «ትምህርት ጥሩ ነው» እያለ ጻፈ። የመመረቂያው ጊዜ ሲደርስ አንድ ፎቶ ቤት ገብቶ ጋውን ተከራየ። ጋውኑ ለግዙፍ ሰው የተሰፋ ነበርና እዚያ የምትሠራ አንዲት ልጅ ከኋላው ሰብስባ በአራት መርፌ ቁልፍ ያዘችለት። ከፊት ሲታይ ልክክ ያለ ነው። ያቺ ልጅ ዛሬ ሚስቱ ናት። እናቱ ሲያርፉ ፎቶው ከእሳቸው ግድግዳ ወደ እሱ ግድግዳ ተዛወረ፤ ውሸቱም አብሮ ተወረሰ። ልጁ ተወልዳ «አባዬ፣ ዩኒቨርሲቲ ምን ይመስላል?» ማለት ስትጀምር ደግሞ ውሸቱ ጥርስ አበቀለ። «ማማ አለው። በማማው ላይ ደወል አለ። ጠዋት ሲደወል ሦስት ሺህ ተማሪ እኩል ከአልጋው ይወርዳል» ይላት ነበር። ልጅቷ በዚያ ደወል ስንት ቀን እንቅልፍ ወስዷታል።

ምሳ ላይ ልጅቷ ቦታውን ደግማ ልታይ ስትወጣ፣ ብርዱ ልጅቷ ያለችውን ሁሉ ለሚስቱ ነገራት።

«ንገራት» አለችው።

«አሁን ምን ያስቆፍረኛል? እሷ ደስ ብሏታል፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ማንን ጎዳሁ?»

«እስከ ትናንት ማንንም አልጎዳህ። ዛሬ ግን ልጄ ያንን ፎቶ ተደግፋ ልትቆም ነው። መርፌ ቁልፎቹን የሰካሁት እኔ ነኝ፤ ምን ያህል ክብደት እንደሚችሉ አውቃለሁ።»

«ትንቀኛለች።»

«ትናቅህ። ንቀት እንደ ጉንፋን ያልፋል፤ አንተው ነህ የምትለው።»

ብርዱ ሳህኑን ገፋ አደረገ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ከነገርኳት ትሄዳለች።»

«አዎ» አለች ሚስቱ። «እሱን ቀድመህ ብትለው ምሳው ባልቀዘቀዘ።»

ተነስቶ ፎቶውን ከግድግዳው አወረደው። ቀለሙ ያልደበዘዘ ባለ አራት ማዕዘን ቦታ ፎቶው በነበረበት ቀረ። ልጅቷ ስትመለስ ሱቅ ውስጥ፣ አንድ በጀርባው የተኛ ፍሪጅ ላይ ፎቶውን አስቀምጦ ጠበቃት።

«ጋውኑ እንዴት ነው?» አላት።

«ቆንጆ ነው። ልክህ ነው።»

«ከኋላ አራት መርፌ ቁልፍ አለበት። እናትሽን ጠይቂያት።»

ከዚያ ነገራት። አውቶቡሱን፣ ሽማግሌውን፣ ውርጩን፣ ደብዳቤዎቹን። አንድም አላስቀረ። ልጅቷ ፎቶውን ገልብጣ ጀርባውን አየችና፣ «ደወሉስ?» አለች።

«ደወል ይኑር አይኑር አላውቅም።»

«ለጓደኞቼ ሁሉ አውርቻለሁ እኮ፣ አባዬ። እኔ ልቀር የነበረው አንተን ምስክር ቆጥሬ ነው። ሄዶ አይቷል፣ አይቶ ንቆታል ብዬ።»

«አልሄድኩም። አላየሁም። በማላውቀው ነገር ምስክር ሆኜ ኖርኩ።»

ዓይኗን በቱታው እጅጌ ጠረገች። «ታዲያ ሳትሄድ በመቅረትህ ይቆጭሃል?»

ብርዱ በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ በእውነት የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«ውርጩን በማየቴ አይቆጨኝም» አለ። «ነገም ባየው ሻንጣዬን አስቀምጣለሁ። ግን ያ የወተት ማከማቻ ትዝ ይልሻል? ማቀዝቀዣው ሦስት ጊዜ ተበላሸ፣ ሦስት ጊዜ ጠገንኩት። ሞተሩን ቀየርኩ፣ ጋዙን ቀየርኩ፤ ወተቱ ግን መኮምጠጡን አልተወም። ከዚያ አንዲት መሐንዲስ መጣች። ማሽኑን አልነካችም። ዘበኛውን ‹ይሄ በር በቀን ስንቴ ይከፈታል?› ብላ ጠየቀችው። ‹እንጃ፣ ሁለት መቶ ጊዜ› አላት። ወረቀት አወጣች፣ አሰላች፣ ‹ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ለዚህ በር ያንሳል እንጂ› አለች። ጤነኛ ታማሚ ነው ሦስት ወር ሳክም የኖርኩት።»

ልጅቷ ሳታስበው ፈገግ አለች።

«መዳብ በይጂ ብትባል እጇን ነው የምትበይደው» አለ ብርዱ። «እኔ ማዳመጥ አውቃለሁ፣ እሷ መጠየቅ ታውቃለች። ብትቀሪ ደስ ይለኛል፤ ሰሌዳው በልቤ ተስሎ ካለቀ ቆይቷል። በውሸት ግን አላስቀርሽም።»

ልጅቷ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ጮክ ብሎ ተዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት ቅጹ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም፤ ልጅቷም የለችም። ብርዱ ሦስት ፍሪጅ አዳመጠ፤ ከራሱ ልብ ምት በስተቀር የሰማው ነገር የለም። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል ልጅቷ ላብ በላብ ሆና እየሮጠች ገባች።

«ማኅተም የያዘችው ጸሐፊ ሻይ ልትጠጣ ወጥታ፣ እሷን ፍለጋ ሰፈሩን ዞርኩት» አለች እያለከለከች። «ገብቷል። እሄዳለሁ። ያቺ መሐንዲስ ያንን ጥያቄ ከየት እንዳመጣችው ማወቅ አለብኝ። የሱቁን ሰሌዳ ግን እንዳትደመስሰው፤ ቀጠሮው ተራዘመ እንጂ አልቀረም።»

ብርዱ አቀፋት። ቱታው ስለቆሸሸ ልጅቷ በዚያ ሳምንት ለሁለተኛ ጊዜ ግማሽ ጎኗ ቀለሙን ቀየረ።

ከመሄዷ በፊት አንድ ፎቶ አነሳችው፤ በቱታው፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን ፍሪጅ ላይ ለጥፎ። በዚያው ምስማር ላይ ሰቀሉት። ዳቦ ጋጋሪዋ መጥታ «ያኛውስ የት ገባ?» ብትል ብርዱ ሳይሸሽግ ነገራት።

«ታዲያ የእኔን ፍሪጅ ያለ ዲግሪ ነው የፈታኸው?» አለች።

«ያለ ዲግሪ።»

ጥቂት አሰበች። «ያቀዘቅዛል እኮ» አለችና ወደ ዳቦዋ ተመለሰች። ሃያ ዓመት የተፈራው ንቀት ይኸው ነበር።

ወገኖቼ፣ የሄደ ሰው መሄዱን፣ የቀረ ሰው መቅረቱን ያለ እፍረት ይናገር። ልጆቻችን መንገዳቸውን የሚመርጡት የእኛን መንገድ አይተው ነው፤ ያልረገጥነውን ረገጥን ካልናቸው የሚስቱት እነሱ ናቸው። ሙያችሁን ከወደዳችሁት፣ የሌላ ሰው ጋውን አታልብሱት።

በመጀመሪያው ሳምንት ልጅቷ ደወለች።

«አባዬ፣ ደወል የለም። ማማም የለም።»

«ታዲያ በምንድን ነው የምትነሱት?»

«ኮሪደሩ ላይ አንድ አሮጌ ፍሪጅ አለ። ጠዋት ሲነሳ ፎቁን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል፤ የምንነቃው በእሱ ነው።»

«ስልኩን ጎኑ ላይ ለጥፊው» አላት።

ለጠፈችው። ብርዱ ሱቁ መሐል ቆሞ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ጫን አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከሩቅ የተማሪዎች ሳቅ፣ የሚሮጥ እግር፣ የሚዘጋ በር ይሰማል፤ ከሁሉም በላይ ያ ፍሪጅ ያጉረመርማል። ዩኒቨርሲቲን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማው።

«ጉንፋን ነው» አለ። «ይድናል። መፍቻሽን ይዘሻል አይደል?»