ማግኔቱን ማን አነሳው?

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምጽፍላችሁ። ምነው ባልሰማሁት ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ መሰላችሁ።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ጨለማ የለ፣ መብራት አልጠፋ።

እኩለ ቀን ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ። ሐይቅ ላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት...

በቅድሚያ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

ዓሦችን እንከታተላለን። የት እንደሚውሉ፣ የት እንቁላል እንደሚጥሉ። ዓሣው ይያዛል፣ ሆዱ ትንሽ ይቀደድና የጣት ጫፍ የሚያህል ቺፕ ገብቶበት ይሰፋል። ከዚያ ይለቀቃል። ቺፑ ውኃ ውስጥ ትክ... ትክ... እያለ የራሱን ቁጥር ይልካል። እኛ ጀልባ ላይ ሆነን ማይክ ውኃው ውስጥ እንነክርና በማዳመጫ እንሰማለን። የሐይቁ ወለል ላይም ቀን ከሌት የሚያዳምጡ መሣሪያዎች አስቀምጠናል። "ጆሮዎቹ" ነው የምንላቸው።

አንድ ነገር ያዙልኝ። ዓሣው እየቀረበ ሲመጣ ድምፁ ስለሚያይል የመሣሪያውን የድምፅ ቁልፍ ዝቅ እያደረግን እንሄዳለን። ቁልፉ ዜሮ ላይ ሆኖም ከተሰማ... ዓሣው እግራችን ሥር ነው ማለት ነው።

ሦስት ነበርን። እኔ፣ ዓሣውን የሚቀድደውና የሚሰፋው "ሐኪሙ"፣ እና ጀልባ ነጂው። ጀልባ ነጂው የታላቅ እህቴ ባል ነው። ወታደር ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ "ሻለቃ" እንለው ነበር። ጀልባ ላይ ከወጣ የማያዘው ሰው የለማ!

ሻለቃ ከሸሚዝ ኪሱ የማይለየው አንድ ቺፕ ነበረው። ዓሣ ውስጥ የሚገባ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት መሣሪያዎቹ መስማታቸውን የምንፈትንበት ነው። ከሁሉም ቀድሞ ስለሚጮህ "አውራ ዶሮው" አልነው።

ማግኔት ሲለጠፍበት ይተኛል። ማግኔቱ ሲነሳለት ይነቃል።

ሻለቃ ማለዳ ፕላስተሩን ጭርር አድርጎ ይልጥና ማግኔቱን ያነሳል። ቺፑን ውኃ ውስጥ ይነክርና የጀልባዋን ጎን ሁለቴ ያንኳኳል። ኳ... ኳ... "ነቅቷል፣ ስሙ" ማለቱ ነው። ለምሳ ስናቆም መልሶ ያስተኛዋል።

"ባትሪውን አትጨርሱብኝ! እናንተ ምን አለባችሁ!" ሲል እኔና ሐኪሙ በሳቅ እንሞታለን።

ክረምት ላይ አንዱን ጆሮ ሊያወጣ ብቻውን ገባ። ነፋስ ተነሳ። ጀልባዋ ተገልብጣ ተገኘች።

እሱ ግን... የለም። ዋናተኛ ጠለቀ፣ መረብ ተጣለ። የለም።

አውራ ዶሮው ኪሱ ውስጥ ነበር። ግን ማግኔቱ እንደተለጠፈበት ነው። ተኝቷል። በምን እንፈልገው?

እህቴ አላለቀሰችም። "ሬሳውን ሳላይ ጥቁር አልለብስም" አለች። ጎህ ሲቀድ ትወጣና ጀልባ መቆሚያው ሳንቃ ላይ ትቀመጣለች፣ እግሯን ውኃው ውስጥ ሰዳ። እህል በአፏ አይዞርም። ከስታ ከስታ አጥንቷ ቀረ።

አንድ ቀን አጠገቧ ብቀመጥ ፈገግ ብላ አየችኝ።

"ውኃው እኮ አንተ እንደምታስበው አይበርድም" አለችኝ።

ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ቀን ተነስታ ትገባለች ብዬ ፈራሁ። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ከእሷ ሌላ ማንም የለኝም። ሬሳውን ባገኝላት አልቅሳ ይወጣላት ነበር። የምለምነው ይህን ብቻ ነበር።

እንግዲህ ያን ቀን...

እኔና ሐኪሙ ሐይቁ መሀል ነን። ጥላ የለ፣ ነፋስ የለ። ማይኩን ነከርኩ።

ትክ... ትክ...

ስክሪኑ ላይ ቁጥር ወጣ። አነበብኩት። ዓይኔን አሸት አድርጌ ደግሜ አነበብኩት።

"ሐኪሙ..."

"እ?"

"አውራ ዶሮው ነቅቷል።"

"ተው እንጂ፣ በዚህ አይቀለድም።"

ማዳመጫውን ሰጠሁት። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ፕላስተሩ ረጥቦ ለቆ ይሆናል" አለ በሹክሹክታ።

"ግን እኮ ይንቀሳቀሳል።"

"ዓሣ ውጦት ነዋ!"

እውነትም ይሆናል አልኩ። ልቤ ትንሽ መለስ አለ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን... ድምፁ ቀጥ አለ።

ባትሪው አለቀ ብለን ምሳችንን እንደነገሩ ጎራረስን። ከምሳ በኋላ ማይኩን ብነክር...

ትክ... ትክ...

ሥራ ልናቆም ስንል ተኛ። በማግስቱ ሥራ ስንጀምር ነቃ። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ተኛ።

ሐኪሙ ጀልባዋን አቁሞ ዞረብኝ። "ማግኔቱስ ወደቀ እንበል። ዓሣ መልሶ ይለጥፈዋል?"

 

ጆሮዎቹ የቀዱትን ኮምፒውተር ላይ ከፈትነው። አውራ ዶሮው ጠዋት ከጀልባ መቆሚያው ይነሳል። መጀመሪያ ደለሉ ጋ ወዳለው ጆሮ ይሄዳል። ቀጥሎ ቋጥኙ ጋ። ቀጥሎ ሸንበቆው ጋ። እያንዳንዱ ጋ ትንሽ ይቆማል። ለምሳ ወደ መቆሚያው ይመለሳል።

ያን መንገድ በደንብ አውቀዋለሁ። የሻለቃ የሥራ መንገድ ነው።

"ጆሮዎቹን እየፈተሸ ነው..." አልኩ።

"ዝም በል!" አለኝ ሐኪሙ። "ዝም በል፣ በናትህ!"

በነጋታው ተከተልነው። ወደድንም ጠላንም ማየት ነበረብን። ሸንበቆው ጋ ስንደርስ ውኃው ጥልቀት የለውም፤ አሸዋው ወለል ብሎ ይታያል። ድምፁ እያየለ መጣ። ቁልፉን ዝቅ አደረግሁ። አሁንም ዝቅ።

ዜሮ።

ትክ... ትክ... ትክ...

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አሸዋ። የጀልባዋ ጥላ። ሌላ ምንም የለም። ትንንሾቹ ዓሦች እንኳ የሉም።

ከዚያ የጀልባዋ ጎን፣ ከውኃው በታች...

ኳ... ኳ...



"አንተ ነህ?" አልኩት በሹክሹክታ።

ሐኪሙ ሁለቱንም እጆቹን ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

ትክትክታው ከሥራችን ለቆ ሄደ። ተረጋግቶ ነው የሚሄደው፤ እንደማንኛውም ሠራተኛ ምሳው እንደደረሰ። ወደ ጀልባ መቆሚያው።

"እህትህ የት ናት?" አለኝ ሐኪሙ።

ሞተሩን እንዴት እንዳስነሳነው አላውቅም።

ስንደርስ እህቴ ሳንቃው ላይ በሆዷ ተኝታለች። ቀኝ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ውኃው ውስጥ ነው። በጓዳ ማሰሮ ውስጥ የሆነ ነገር የምትፈልግ ነው የምትመስለው። አውራ ዶሮው ዝም ብሏል።

አጠገቧ ተንበረከኩ። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፣ ማይኩን ከክንዷ ጎን ነከርኩት።

ጸጥታ...

ከዚያ ማዳመጫው ውስጥ ፕላስተር ሲላጥ ሰማሁ። ጭርር...

ትክ... ትክ... ቁልፉ ዜሮ ላይ ነው።

እህቴ ክንዷን ቀስ ብላ አወጣች። መዳፏ ላይ ማግኔቱ አለ፣ የራሰ ፕላስተር ተጣብቆበት።

"እትዬ... ምን እያደረግሽ ነው?"

"ቀስ በል" አለችኝ። "ምሳውን ገና አሁን መጨረሱ ነው።"

"ማን?"

እንደ ሞኝ አየችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እሱ እንዳይሰማባት በሚመስል አነጋገር፣ "ራሱ እንዳያነሳው ጣት አልቀረለትም እኮ" አለች።

እንባዬ መጣ።

"ነገ አብሬው እወጣለሁ" አለች ፀጉሬን እየዳበሰች። "ብቻውን ሰለቸው። አንተ አታልቅስ።"

ማግኔቱን ከእጇ ነጥቄ ብድግ አደረግኋት። ቀላል ነበረች፣ እንደ ልጅ። ሐኪሙ መኪናውን አስነሳ። እየጮኸችና እየቧጠጠችኝ ወሰድኳት። የዚያኑ ቀን ሐይቅም ወንዝም ወደሌለበት ከተማ ይዣት መጣሁ። እኔ ቤት ነው ያለችው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ።

መብላት ጀመረች። ትንሽ ትንሽ ሰውነቷ ተመለሰ። ስለ ሐይቁ ቃል አይወጣትም። ተርፋለች አልኩ። ማግኔቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ለምን እንዳልጣልኩት አትጠይቁኝ፣ ፈራሁ።

ሐኪሙ ይደውልልኝ ነበር።

"አሁን ሌሊትም አይተኛም" ይለኛል። "ማግኔቱ የለማ። ሲነጋም ሲመሽም መቆሚያው ሥር ይዞራል። ትክ ትክ ትክ... ልክ አንድ ሰው የጠፋበት ይመስላል።"

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ደወለ። ድምፁ ደስ ብሎታል።

"ጠፋ! የትም የለም። ሁሉንም ጆሮ አየሁ። በቃ፣ ባትሪው አለቀ!"

እኔም ተንፈስ አልኩ። እህቴን በሕይወት አተረፍኳት ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ ተኛሁ።

ይህ ትናንት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ነው።

ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ከሥራ መጣሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። እህቴ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ቆማለች። ፊቷ ወደ እኔ ነው። ከኋላዋ ወለሉ ላይ እስከ አፉ የተሞላ ባልዲ አለ። ሕፃን እንኳ የማይታጠብበት ትንሽ የፕላስቲክ ባልዲ።

ቀኝ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ርሷል።

"ማግኔቱን ስጠኝ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ብዙ መንገድ መጥቷል። ደክሞታል፣ ይተኛበት።"

ሁለቱንም መዳፎቿን ወደ እኔ ዘረጋች።

ባልዲው ውስጥ ያለው ውኃ ተርገበገበ።

ኳ... ኳ...