ቦይለሩ ላይ የተለጠፈው ካርድ

ፈጠራ ነው የምትሉኝ ትኖራላችሁ። በሉኝ... ግድግዳውን በእጄ የነካሁት እኔ ነኝ።

ያለፈው ጥር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጀርመን፣ ጎስላር ከተማ ውስጥ፣ ተወልጄ ባደግኩበትና ዛሬም ከአባቴ ጋር በምኖርበት ቤት፣ ምድር ቤት ውስጥ።

ሰባት ዓመቴ ሳለ አልሙት የምትባለው እናቴ ጠፋች። "ሌላ ሰው ወዳ ጥላን ሄደች" አለኝ አባቴ።

አመንኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠላኋት። ፎቶዎቿን ሁሉ ቀደድኩ። ከትምህርት ቤት ዳቦዬ ጋር በእጇ ጽፋ የከተተችልኝን አንዲት ወረቀት ብቻ መቅደድ አቃተኝ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባል የለ...

አባቴ ኤክሃርት አንድ ሕግ ነበረው። ቤቱን የሚያሞቀው የነዳጅ ቦይለር አይጠፋም። በበጋው ሐሩር እንኳ! ለእኔ ጫማ መግዛት የሚጨንቀው ሰው፣ ለነዳጅ ግን እጁ አይታጠፍም።

በመጨረሻ ቦይለሩ አርጅቶ ማንጠባጠብ ጀመረ። እኔም ከውጭ አየር ሙቀት ስቦ ቤት የሚያሞቀውን ማሽን፣ ሂት ፓምፕ፣ አዘዝኩ።

"ስቬንያ፣ ቦይለሩን ከቦታው አታንሺው። እስክሞት ጠብቂ" አለኝ አባቴ።

"አባዬ፣ ለቆርቆሮ ነው እንዴ የምታለቅሰው?"

እውነትም እያለቀሰ ነበር...

ማሽኑን ሊተክል የመጣው ሠራተኛ ቶርበን ቦይለሩን ቆራርጦ አወጣው። ጭስ ማውጫ ጠራጊው በየዓመቱ ጥር ላይ መጥቶ ጭሱን ለክቶ የሚፈርምበትን ካርድ ከቦይለሩ ላይ ልጦ አቀበለኝ።

"ደስ ይበልዎ፣ ከእንግዲህ ጠራጊው በር አይቆረቁርብዎትም" ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ከቦይለሩ ጀርባ የነበረውን ግድግዳ ነካ። ሳቁ ቆመ።

"ቦይለሩን ያጠፋነው መቼ ነው?"

"ከትናንት ወዲያ።"

"ታዲያ ይሄ ለምን ይሞቃል?"

ነካሁት። ይሞቃል... የሰው ገላ ያህል።

ካርዱን አየሁት። ከእያንዳንዱ ፊርማ አጠገብ በእርሳስ፣ በአባቴ እጅ፣ አንድ ቃል ተጽፏል።

አልበረዳትም።

አልበረዳትም።

ሠላሳ ጊዜ። የመጀመሪያው፣ እናቴ ከጠፋች በኋላ በመጣው ጥር የተጻፈ ነው።

ቶርበን ዕቃውን ሳይሰበስብ ወጣ። ቀና ስል አባቴ ደረጃው ላይ ቆሟል።

"ሄደች አልከኝ..."

"ቀስ በይ" አለ በሹክሹክታ። "ትሰማሻለች።"

"እኔ እኮ ጠላኋት! አንተ ነህ ያስጠላኸኝ!"

"ታውቃለች። ሁሉንም ሰምታለች።"

ካርዱ ከእጄ ወደቀ። አባቴን እየጎተትኩ ወጣሁና ምድር ቤቱን ቆለፍኩት። ቁልፉ ኪሴ ገባ። ፖሊስ ጠራሁ። እስኪመጡ አባቴ ከጎኔ አልተነሳም፤ አንዴም ዓይኔን አላየም።

ፖሊሶቹ ሲመጡ በሩን ራሴ ከፈትኩላቸው።

ግድግዳው ከላይ እስከ ታች አመዳይ ለብሷል።

ወለሉ ላይ የጣልኩት ካርድ እዚያ የለም። ግድግዳው ላይ ተለጥፏል... ከአባቴ የመጨረሻ መስመር ስር አዲስ ጽሑፍ አለ።

የአባቴ የእጅ ጽሑፍ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ደብቄ ያኖርኳት የዳቦዬ ወረቀት ላይ ያለው የእናቴ ጽሑፍ ነው።

"ስቬንያዬ... በረደኝ።"