ጠርታ የቀረችው

ደቦው የከሸፈው ጠሪዋ ስለቀረች ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረውም፤ ዕፀገነትም ይህን ታውቃለች።

የክፍል ጓደኛዋ የኪዳን እናት እማማ ሐረገ ወይን እጃቸው ከተሰበረ ወዲህ ገብሳቸው አጫጅ አጥቶ መርገፍ ጀምሯል። የዘጠነኛ ክፍል አለቃዋ ዕፀገነት ሰሌዳው ፊት ቆማ «ነገ ከሰዓት ማጭድ ይዛችሁ ማሳው ላይ እንገናኝ!» ብላ አወጀች። በነጋታው ግን ንፋስ መውጫ ላይ ከሰዓት ከሰዓት የሚሰጥ የሁለት ቀን የወጣት መሪዎች ሥልጠና ተጀመረ። «አንድ ሰው ቢጎድል ምን ይሆናል?» ብላ ወደዚያው ሄደች። ልጆቹ ማሳው ዳር ደርሰው ጠሪዋን ሲያጡ ተቀመጡ፣ ተቀላለዱ፣ ተበተኑ። እማማ ሐረገ ወይን በአንድ እጃቸው የቀቀሉት ንፍሮ እንዳለ ቀረ።

ዛሬ ኅዳር አሥራ አንድ ነው። ነገ ሚካኤል ስለሆነ ማጭድ የሚያነሳ የለም። በጉና በኩል ደግሞ ያለወቅቱ ደመና ቋጥሯል።

የመጨረሻው ደወል እንደተደወለ ይርዳው ከኋላ ወንበር ጮኸ። «እሜቴ አለቃ! ሥልጠናው እንዴት ነው? ሰርተፍኬቱ ገብስ ያጭዳል?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ኪዳን ብቻ አልሳቀም፤ ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ ይከት ነበር።

«ሰርተፍኬቱ የሚሰጠው ዛሬ ነው» አለች ዕፀገነት።

«ታዲያ ሩጫ ነዋ! እንዳያመልጥሽ!»

«አልሄድም።» ወደ ኪዳን ዞረች። «ትናንት ጠርቼ ቀረሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እናቴ እስኪመሽ መንገድ መንገዱን ስታይ ነበር» አለ ኪዳን ቀና ሳይል። «‹አለቃዋ ሳትመጣ አትቀርም› እያለች።»

ዕፀገነት ይቅርታ ብትደረድር አንዲት ነዶ አትታሰርም።

«ዛሬም ልትጠሪን ነው?» አለች አጠገቧ የምትቀመጠው ጽዮን። «ማን ይመጣልኛል ብለሽ?»

«አልጠራም።»

«ያን ሁሉ ማሳ ብቻሽን? አትፎግሪና!»

«እስኪጨልም የቻልኩትን።»

ጠዋት በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ በሩ ጥግ ያቆመችውን ማጭድ አነሳች። ሳቁ ቆመ። ይርዳው እስክሪብቶውን ያሽከረክር ጀመር።

«ኪዳን፣ ቀድሜህ እደርሳለሁ» አለች።

ማን እንደሚነሳ፣ ማን እንደሚቀር ለማየት አልዞረችም። ወጣች፤ ነፋሱ መልሶ እንዳይከፍተው ሳብ አድርጋ በሩን ዘጋችው።