የቀሩት ፉርጎዎች

ጊዜ ሐኪም ነው ይላሉ። አይደለም፤ ሐኪም ቢያንስ የት እንደሚያምህ ይጠይቅሃል። ይህን የምልህ በጂንና በቡዳ ስሳለቅ ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ፣ ከሞተ ኮከብ የተነሣ ብርሃን ዛሬም ዓይናችን ይገባል ብዬ ስጽፍ እንኳ እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም፣ ያለፈው እሑድ ግን፣ እመነኝ፣ ሌላ ነው።

አባቴ ዕድሜውን የፈጀው በድሮው ባቡር ሐዲድ ጠባቂነት ነው፣ ጉልበቱ ከከዳው ወዲህ ሳቢያን ሰፈር እኔ ቤት ተኝቶ ይውላል። በቅርቡ፣ ባቡሩ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ያልፋል፣ በየቀኑም አንድ ፉርጎ ይጎድለዋል አለኝ። "ፉርጎው ያለቀ ቀን ተራው የእኔ ነው።" ከዚያ ወዲህ እህል በደንብ አልቀመሰም። እኔም ብልጡ፣ ማስረጃ ያድነዋል ብዬ እሑድ አሥር ሰዓት ሳይሞላ በባጃጅ ወደ ሐዲዱ ወሰድኩት።

"አቦ ጋሼ፣ በዚህ ፀሐይ ሽማግሌውን የት ነው?" አለ ባለባጃጁ አብዲ።

"ባቡር ሊቀበል።"

"ወላሂ፣ ሐዲዱን ቆርጠው በልተውት የለ! ባቡሩ በባጃጅ ነው የሚመጣው?"

አባቴ ሳቀ። "አንተ ፊትህን እያየህ ንዳ።"

አብዲ እውነቱን ነው፣ የቀረው ግራና ቀኙ የተቆረጠ፣ አሥር እርምጃ የማይሞላ ብረት ነው። የሐዲድ ሰው የባቡርን መምጣት የሚያውቀው ጆሮውን ብረቱ ላይ ጥሎ ነው፣ አባቴ ግን ማጎንበስ ስለማይችል መሐረቡን ሰጠኝ። "አንጥፍበት፣ ይፈጅሃል። አንድ ገጭ-ገጭ አንድ ፉርጎ ነው፣ ስትቆጥር አትቸኩል።"

ተንበረከክሁ። መጀመሪያ ቀጭ፣ ቀጭ አለ፣ ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል ብዬ አስረዳሁት። "ዝም ብለህ ስማ" አለኝ። ከዚያ ከሥር አንድ ጉምጉምታ መጣ፣ አፍንጫዬ አጠገብ ብረቱ ላይ የነበረች ጠጠር ተንቀጥቅጣ ወደቀች፣ ቀጥሎ የጎማ ሳይሆን የብረት እግር ድምፅ፣ ገጭ-ገጭ፣ ፋታ፣ ገጭ-ገጭ፣ ፋታ፣ ገጭ-ገጭ። ቀና ስል አንዲት ፍየል ሐዲዱ መሀል ተኝታ ታመነዥካለች፣ አብዲ ባጃጁ ውስጥ ጫቱን ይቀነጥባል። ነፋስ እንኳ አልነበረም።

"ስንት?" አለ አባቴ። ስንት እንደቀረ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም።

"ምንም የለም።"

"ሦስት ነው" አለ፣ መሐረቡን አራግፎ ኪሱ እየከተተ። "ውሸት አላስተማርኩህም፣ ለዚህ ነው የማትችልበት።"

ሰኞ ከቤት አላወጣሁትም፤ አሥር ሰዓት ላይ ከአልጋው ሆኖ "ሁለት" አለ። ዛሬ ማክሰኞ "አንድ" አለና የሾርባውን ሳህን ገፋው። ሐኪሙ ዕድሜ ነው ብሎ ሄዷል። ስንት መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው፣ ማንኪያ ይዤ ቆሜያለሁ።

የእኔን ውሸት ያውቀዋል፣ የአንተን ግን አያውቀውም። ነገ ከአሥር ሰዓት በፊት ና፣ ጆሮህን ሐዲዱ ላይ ጣል፣ ብትሰማም ባትሰማም ወደ አባቴ ገብተህ "አንድ ቀርቷል" በለው።