ሬሳ በብረት አር ጉድጓድ

ኢንጂነር ጎሳዬ ከጂንካ ወጣ ብሎ በተተከለው የሙከራ ብረት ማቅለጫ አጠገብ፣ የብረቱ አር በሚደፋበት ጉድጓድ ውስጥ ጭንቅላቱ ተፈርክሶ ተገኘ። የፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ቦሼ ሲደርስ ገዳዩ ተይዟል ተባለ። አንጥረኛው ሶርሳ ከግንድ ጋር ታስሮ፣ ደም የነካው መዶሻው እፊቱ ተጋድሟል። ከሰዓት በኋላ የሚያርፈው አውሮፕላን ይዞት ሊሄድ ነው። በዚያ በሰባዎቹ መጀመሪያ እንዲህ የተወሰደ ሰው እንደማይመለስ ቦሼ ያውቃል።

የማቅለጫ ጣቢያው ኃላፊ ጓድ ጥላሁን ቃሉን አቀላጥፎ ሰጠ። ላቦራቶሪ ረግጦ እንደማያውቅ ተናገረ። ማታ እሱና ጥበቃው አንጁሎ ሶርሳ ጎጆ ገብተው ቦርዴ የሚሉትን የእህል መጠጥ ሲጠጡ ሶርሳ መዶሻውን አንስቶ ወጣ፣ አልተመለሰም። አንጁሎ መሬት መሬት እያየ «አዎ» አለ። ሶርሳ ግን ወናፉን ሲያናፋ ብቻውን እንዳመሸ ምሎ ተናገረ፤ የሰማው የለም። ኃላፊው ጣቱን በምላሱ እያራሰ የሪፖርቱን ገጽ ሲገልጥ ቦሼ ምላሱን ልብ ብሎ አየ።

የላቦራቶሪዋ ሠራተኛ የሺመቤት ከጎሳዬ ጋር ለሁለት ወር የሠሩትን አስረዳችው። ከቀለጠው ብረት የሚለየውን አር በጨው እየቆሉ፣ ብረት የሚያጠነክረውን ቫናዲየም ይፈልጉበታል። ብናኙ ክፉ ነው፤ የተነፈሰውን ሰው ምላስ አረንጓዴ ያደርጋል። ለማነጻጸሪያ ከውጭ የመጣ የቫናዲየም ዱቄት አለ፤ ቁልፉ ኃላፊው ዘንድ ነው። ጎሳዬ ሰሞኑን ወደ አዲስ አበባ የተላከው ናሙና ዳግም ይመርመር ብሎ ከኃላፊው ጋር ተጣልቶ ነበር። ቦሼ ምላሷን እንድታሳየው ጠየቃት። ሬሳውን ሲመረምር እንዳየው የሟቹ ምላስ ቀይ ነው።

ሁሉንም ማቅለጫው ሥር ሰበሰበ። ከሶርሳ ቅል ውሃ ቀድቶ ለአንጁሎ ዘረጋለት። አንጁሎ እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ።

«ትናንት በዚህ ጠጥተህ የለ?»

«የማና ቅል፣ የአንጥረኛ ቅል አልነካም። አባቴ ቢሰማ ደጁን አያስረግጠኝም» አለ አንጁሎ። «ጓድ ጥላሁን ናቸው እንዲህ በል ያሉኝ።»

ቦሼ ወደ ኃላፊው ዞረ።

«እኔም እንደ አንጁሎ የአሪ ገበሬ ልጅ ነኝ። የገበሬ ልጅ አንጥረኛ ቤት ገብቶ አይጠጣም። የአገሩ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ሌላ ውሸት ይመርጡ ነበር። ጎሳዬና የሺመቤት ሁለት ወር አር ሲቆሉ ምላሳቸው አልተለወጠም፤ አሩ ውስጥ የረባ ቫናዲየም የለም ማለት ነው። ላቦራቶሪ ያልረገጡት የእርስዎ ምላስ ግን አረንጓዴ ነው። ጣቢያው እንዳይዘጋ የውጭውን ዱቄት ናሙናው ላይ ነሰነሱ። ጎሳዬ ደረሰብዎት፤ የሶርሳን መዶሻ ሰርቀው ገደሉት።»

ጥላሁን አፉን በመዳፉ ሸፈነ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሱን ያወጣው ያልተጠጣ ቦርዴ ነው። ገመዱ ከሶርሳ እጅ ተፈትቶ በእሱ ላይ ታሰረ።

«ነፃ ነህ፣ ወንድሜ» አለ ቦሼ።

ሶርሳ የእጁን ሰንበር እያሸ ትክ ብሎ አየው።

«እናንተ ባትጸየፉኝ ኖሮ ዛሬ ሟች ነበርኩ» አለው።