የቸኮሌት አደራ

«ትንፋሽሽን ያዢ» አለች ሂዳያ።

ሂንድ ትንፋሿን ያዘች። ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበች፤ ዓይኗንም ጨፈነች፣ ዓይን ሲጨፈን ወገብ የሚቀጥን ይመስል። ዚፑ ከወገቧ ተነስቶ እስከ ጎድን አጥንቷ ድረስ ወጣ፤ እዚያ ሲደርስ እምቢ አለ። ሂዳያ ቀሚሱን በጉልበቷ ደግፋ በሁለት እጇ ሳበችው። እምቢ።

«በቃ ተይው፣ ይቀደዳል» አለች ሂንድ።

ቀሚሱ አረንጓዴ ነው፤ ደረቱ ላይ በብር ክር የተጠለፈ። አክስታቸው ሙጂባ ከጅዳ ስትመጣ ለአራት ሚዜዎች አራት አንድ ዓይነት ቀሚስ ይዛ ነው የገባችው። ሙሽራዋ ራሷ ሂዳያ፣ የሂንድ ታላቅ እህት ናት። ሰርጉ ባለፈው ኅዳር ሊሆን ነበር፤ በኅዳር ግን ከተማቸው ሐይቅ ጦርነት ውስጥ ነበረች፣ እንኳን ሰርግ ስልክም አልነበረም። አሁን መብራቱ መጥቷል፣ ስልኩ ሠርቷል፣ አክስትም ገብታለች። ከዒድ በኋላ ባለው ሳምንት ሙሽራው ኢስሃቅ ከውጫሌ በአጀብ ይመጣል። ቤቱ በደስታ ሊፈነዳ ደርሷል፤ ከሁሉም የባሰባት ደግሞ ሂንድ ናት። በአሥራ አራት ዓመቷ ሚዜ ልትሆን ነው። የክፍሏ ልጆች በሙሉ ሰምተዋል፤ ያልሰማ ካለም ራሷ ነግራዋለች።

አክስቷ ሙጂባ ብቅ ብላ አየቻት። «አብሽሪ፣ ገና ጊዜ አለን። ትንሽ ብትቀንሺ ልክክ ነው የሚልልሽ። ረመዳን አይደል እንዴ? እምቢ ካለ ደግሞ ለአጎትሽ ልጅ ለኢንሳፍ ይሆናታል፣ እሷ ሚዜ ትሁን።»

ሂንድ ይሄን ስትሰማ ቀሚሱን በሁለት እጇ ጭብጥ አደረገች። ኢንሳፍ? በራሷ ሰርግ ላይ እንኳ ማኩረፏ የማይቀር ልጅ።

መቀነሱ ባልከፋ። ግን ያችው አክስቷ ከጠባቡ ቀሚስ ጋር አንድ ሻንጣ ቸኮሌት ይዛ መጥታለች። ሰው እንዴት ሁለቱን በአንድ አውሮፕላን ይዞ ይመጣል? ሂንድ ቀን ቀን ጾሙ አይከብዳትም፤ በቸኮሌቱ አጠገብ አሥር ጊዜ ብታልፍ ዞር ብላ አታየውም። አዛን ብሎ ሾርባዋን ስትጨርስ ግን አበቃ። ቀኑን ሙሉ የታገሰችው ልጅ አንድ ሰዓት መጨመር ያቅታታል። «አንድ ብቻ» ትላለች። አንዷ ብቻዋን እንዳይከፋት ሁለተኛዋን ታስከትላለች። ሦስተኛዋ ላይ መቁጠር ትተዋለች።

በማግስቱ ትምህርት ቤት «መፍትሔ አገኘሁ» አለቻት ለተሻለች።

ተሻለች ጎረቤቷም የክፍል ጓደኛዋም ናት። ከጦርነቱ ወዲህ ወንበር ስላነሰ ተጣበው ነው የሚቀመጡት፤ የአንዷ ሆድ ሲጮህ ሌላዋ ትሰማለች። ዘንድሮ ደግሞ ረመዳንና ሁዳዴ ስለገጠሙ የሁለቱም ይጮኻል።

«የምን መፍትሔ?»

«የቸኮሌት ድርሻዬን አንቺ ታስቀምጪልኛለሽ። ወተት አለበት። አንቺ እስከ ፋሲካ ወተት አትነኪም። ካንቺ የተሻለ ጠባቂ ከየት ይመጣል?»

ተሻለች አሰበችበት። «ማሽተት ይፈቀዳል?»

«ወረቀቱን ሳትከፍቺ።»

«ብትለምኚኝስ?»

«እንዳትሰጪኝ። ባለቅስም እንዳትሰጪኝ። አደራ።»

አደራ ከተባለ ጨዋታ የለም። ተሻለች ከረጢቱን ተቀብላ ከልብስ ሳጥኗ ሥር ከተተችው።

ለጥቂት ቀናት ነገሩ ሠራ። ሂንድ ማታ ማታ ቀሚሱን ትሞክራለች፤ ዚፑ ግን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ከንጋት በፊት የሚበላውን ሱሁር ተወች። እናቷ ስትቀሰቅሳት «ጠግቤ ነው ያደርኩት» እያለች ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ጠዋት ሰልፍ ላይ ዓይኗ ጭልም ቢልባትም ለማንም አልተናገረችም። የሚገርመው፣ በራባት ቁጥር ሐሳቧ ሁሉ ቸኮሌት ሆነ። ሒሳብ ሲማሩ ቸኮሌት፣ ታሪክ ሲማሩ ቸኮሌት።

አንድ ቀን ጀምበር ጠልቃ እንዳፈጠረች ተነስታ እነተሻለች ቤት ሄደች።

«እናቴ እንግዳ መጣባት። ቸኮሌቱን አምጪ ብላኛለች» አለች።

ተሻለች ትኩር ብላ አየቻት። «ሁሉንም?»

«ትንሽ። ለእንግዶቹ የሚበቃ።»

ተሻለች እፍኝ ሙሉ ሰጠቻት። ሂንድ ከአጥሩ ጀርባ ዞር ብላ ቆማ በላችው። ጣፈጣት፤ ይሄ አይካድም። ግን እየጣፈጣት አፈረች። በረመዳን ዋሸች፤ ያውም ተሻለችን።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይሄኛው ማደርም አላስፈለገውም። ተሻለች «ለእንግዶቹ ካነሰ» ብላ ሌላ እፍኝ ይዛ ስትከተላት አጥሩ ጥግ ላይ አገኘቻት።

«እንግዳዋ አንቺ ነሽ?» አለቻት።

ሂንድ ለመመለስ መጀመሪያ መዋጥ ነበረባት።

«አደራ ብለሽ አሰርሽኝ፣ ከዚያ አንቺው ዋሸሽኝ። እኔ እኮ ሌት ተቀን እያሸተትኩት አልነካሁትም።»

«ቀሚሱ እምቢ አለኝ፣ ተሼ» አለች ሂንድ፤ እንባዋ መጣ። «ሱሁር ትቼ እንኳን እምቢ አለኝ። ካልሆነኝ ኢንሳፍ ናት ሚዜ የምትሆነው።»

«ሱሁር ትተሽ? አንቺ ልጅ አብደሻል?» ተሻለች ገና አልበረደላትም። ቢሆንም ክንዷን ያዘቻት። «ነይ፣ ቀሚሱን አሳዪኝ።»

እነሂንድ ቤት ሲደርሱ ሂንድ ጓዳ ገብታ ለበሰችው፤ ጀርባው እንደተለመደው ተከፍቶ ቀረ። ተሻለች ዚፑን ነክታም አላየችው። ዙሪያዋን ዞረች።

«እስቲ እጅሽን ወደፊት ዘርጊ።»

ሂንድ ዘረጋች።

«ሂንድዬ፣ ቸኮሌት ክንድ ያስረዝማል እንዴ?»

ሂንድ እጇን አየች። እጅጌው ከእጅ አንጓዋ ብዙ ርቆ ቀርቷል። ትከሻው ተወጥሯል። የቀሚሱ ጫፍም መሬት መንካት ሲገባው ባቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ያን ሁሉ ቀን ሰው ሁሉ ዚፑን ሲያይ እጅጌውን ያየ አልነበረም።

«መቼ ነው የለኩሽ?» አለች ተሻለች።

ባለፈው ክረምት ነበር፤ ሂዳያ በክር ለክታት ልኩን ጅዳ ላለችው አክስታቸው በስልክ ነገረቻት። ያኔ ሂንድ እስከ ሂዳያ አፍንጫ ነበረች። አሁን ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። በመሀል ጦርነቱ መጥቶ ሄዷል፤ የልጅ ቁመት ልብ የሚባልበት ጊዜ አልነበረም።

ሂንድ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ያን ሁሉ ሱሁር በከንቱ ማለፏ አናደዳት። ከዚያ ደግሞ ደነገጠች፤ አጥንት አይቀነስም።

«ጎኑና ትከሻው ተተርትሮ ጨርቅ ይግባበት» አለች ተሻለች።

«ይሄ ጨርቅ እዚህ የለም። ሌላ ቀለም ነው የሚሆነው። ከሌሎቹ ሚዜዎች እለያለሁ፣ ቪዲዮው ላይ ይታያል።»

«አዎ፣ ይታያል» አለች ተሻለች። ኪሷን ዳበስ አደረገች። «ቸኮሌትሽን ልመልስልሽ?»

«አንቺው ጋ ይሁን። ማታ ማታ መጥቼ አንዷን እወስዳለሁ፤ እንግዳ መጣ ሳልል። ከፋሲካ በኋላ የቀረውን እንካፈላለን።»

«እሱን እንኳን በደስታ» አለች ተሻለች፤ አሁን ሳቀች።

ሂንድ እንደለበሰችው ሳሎን ገባች። አክስቷና ሂዳያ ለሰርጉ የተገዙ ብርጭቆዎችን እየጠቀለሉ ነበር።

«ሆነሽ?» አለች አክስቷ ቀና ብላ።

«አልሆነኝም፣ አክስቴ። ብቀንስም አይሆነኝም።» ክንዶቿን ዘረጋች። «እዪው። ጎኑ ተተርትሮ ሌላ ጨርቅ ካልገባበት አይሆንም።»

ሙጂባ ብርጭቆውን አስቀምጣ መጣችና እጅጌውን ወደ ታች ሳበችው። አልደረሰም። ሌላውንም ሳበች። ከዚያ እጇን ከክንዷ ላይ ሳታነሳ ቀና ብላ አየቻት።

«ስልኩ የተቋረጠ ጊዜ ማታ ማታ ይሄን ቀሚስ አውጥቼ አየው ነበር» አለች። «አላህ ካቆያት ይሄን ትለብሳለች እል ነበር። ማደግሽን ግን አላሰብኩትም። ወላሂ አላሰብኩትም።» በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ማሻአላህ። በይ ለኢንሳፍ እንስጣት። አንቺን ተለይተሽ እንድታፍሪ አልፈልግም።»

ሂንድ ወደ ሙሽራዋ ዞረች። ሂዳያ ብርጭቆውን በእጇ እንደያዘች ታያታለች።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አለቻት ሂዳያ።

ሂንድ ቪዲዮውን አሰበች። ሦስት ሙሉ አረንጓዴ ቀሚስ፣ አንድ ደግሞ ጎኑ ሌላ ቀለም የሆነ። ከውጫሌ የመጣ እንግዳ ሁሉ እየጠቆመ ሲጠይቅ ታያት። ፊቷ ሞቃት።

ጓዳ ገብታ ልብሷን ቀየረችና ቀሚሱን በእጇ ይዛ ተመለሰች። ከሂዳያ የስፌት ቆርቆሮ ምላጩን አነሳች። አምፖሉ ሥር ተቀምጣ ቀሚሱን ጭኗ ላይ ገለበጠችና የጎኑን ስፌት መተርተር ጀመረች። አክስቷ ማየት አቅቷት ወደ ብርጭቆዎቹ ዞረች።

«ሂዳያ» አለች ሂንድ ከክሩ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ለእማ ንገሪልኝ፣ ለሱሁር ትቀስቅሰኝ። ዛሬ እበላለሁ።»